ውሃን ያሳነሰ፥ ሙቀትን ያሸነፈ መሐንዲስ፦ የዊልሄልም ማይባክ ሕይወት

ከሲግናል ተነሥቶ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አድርጎ፥ ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ እንጦጦ ማርያም ሽቅብ የወጣ ሰው፥ በመንገዱ ዳር ክዳኑን ከፍቶ እንፋሎት እየተፋ የቆመ አሮጌ መኪና ሳያጋጥመው አይቀርም። ሾፌሩ ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ነካ እያደረገ ይሸሻል። አብሮት የነበረው ጓደኛው ጀሪካን አንጠልጥሎ ውሃ ፍለጋ ይወርዳል። መኪናው ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራ ባለሁለት ወንበር የስፖርት መኪና የሆነ እንደ ሆነማ ተመልካቹ ይበዛል፤ መካሪውም እንዲሁ። አንዱ ሞተሩ አርጅቷል ይላል፤ ሌላው ትልቅ ራዲያተር አስገባበት ይላል፤ ሦስተኛው ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው ብሎ ይፈርዳል።

እኛ ግን ዛሬ አንባቢያችንን ከዚህ ክርክር ጥቂት ፈቀቅ አድርገን፥ ይህን ችግር ከማንም አስቀድሞ በሚገባ ወደ ፈታው ሰው ልንወስደው አስበናል። ስሙ ዛሬ በውድ መኪና አፍንጫ ላይ ተጽፎ ይታወቃል እንጂ የሕይወቱ ታሪክ በእኛ አገር እምብዛም አይነገርም። ሰውየው ጀርመናዊው ዊልሄልም ማይባክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ችግሩ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እናስረዳ። በሞተር ውስጥ ቤንዚን ሲቃጠል ከሚገኘው ኃይል ጎማውን ለማዞር የሚውለው ከሲሶ እምብዛም አይበልጥም፤ በአሮጌ ሞተር ከዚያም ያንሳል። የቀረው ሙቀት ነው። ከሙቀቱም ከፊሉ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ከፊሉ ደግሞ በሲሊንደሩ ግድግዳ አልፎ ወደ ውሃው ይገባል። ውሃው ያን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ሄዶ ለነፋስ ማስረከብ አለበት። ማስረከብ ያቃተው ቀን ይፈላል፤ ሲፈላ ቴስታታው ይጣመማል፥ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፥ ባለቤቱም የወር ደመወዙን ለጋራዥ ይከፍላል።

በእኛ ከተማ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፥ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሠፈራችን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ወደ 3,000 ሜትር ሲወጣ 90 ገደማ ይበቃዋል። አየሩም ስስ ስለ ሆነ በራዲያተሩ ውስጥ ሲያልፍ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። በዚህ ላይ ሞተሩ ኃይል ያጥረውና ሾፌሩ በሁለተኛ ማርሽ ያጓራል፤ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፥ መኪናው ግን ያዘግማል፥ ከፊት የሚመጣ ነፋስ የለም። እንግዲህ ዳገት የራዲያተር ፈተና ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ማይባክም የተፈተነው በዳገት ነው።

ዊልሄልም ማይባክ የካቲት 9 ቀን 1846 በደቡብ ጀርመን በሃይልብሮን ከተማ ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበር። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች፤ በዐሥር ዓመቱ አባቱን አጣ። አምስት ወንድማማቾች ሜዳ ላይ ቀሩ። የቤተ ሰቡ ወዳጆች ልጆቹን የሚያሳድግ ደግ ሰው እንዲገኝ በጋዜጣ ማስታወቂያ አወጡ። በዚህ ምክንያት ዊልሄልም ጉስታቭ ቬርነር የተባለ የሃይማኖት ሰው በሩትሊንገን ከተማ ላቋቋመው የእጓለ ማውታን ቤት ተሰጠ። ያ ቤት እንጀራ ከመስጠት አልፎ ሙያ ያስተምር ነበር፤ የራሱ የማሽን ፋብሪካም ነበረው። ልጁ በቀን የንድፍ ሥራ እየተማረ፥ በማታ ደግሞ ሒሳብና ፊዚክስ ያጠና ነበር። በማታ ትምህርት ራሱን ያሻሻለ አንባቢ ይህን ሕይወት ያውቀዋል።

በ1865 ማይባክ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ሳለ ጎትሊብ ዳይምለር ከተባለው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጋር ተዋወቀ። ዳይምለር በዐሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠዋል። አንዱ ፈጣን፥ ቁጡና ነጋዴ ቢጤ ሲሆን ሌላው ዝምተኛና እርሳሱን ከእጁ የማይለይ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱን የለያቸው ሞት ብቻ ነው። በ1869 ዳይምለር ወደ ካርልስሩኸ ሲሄድ ማይባክ ተከተለው። በ1872 ዳይምለር በኮሎኝ አጠገብ ዶይትዝ ወደሚገኘው የጋዝ ሞተር ፋብሪካ ሲዛወር ማይባክ አሁንም ተከትሎ ሄዶ የንድፍ ክፍሉ አለቃ ሆነ። ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 የፈጠረው ባለ አራት ምት ሞተር በፋብሪካ ተባዝቶ ለገበያ እንዲበቃ ያደረገው የማይባክ እርሳስ ነው። በ1878 ቤርታ ሃበርማስ የተባለች ልጃገረድ አገባ፤ በተከታዩ ዓመት ካርል የተባለ ልጅ ወለዱ። ይህን ልጅ አንባቢ ያስታውሰው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1882 ዳይምለር ከፋብሪካው ጌቶች ጋር ተጣልቶ ሥራውን ለቀቀ። ማይባክም ደኅና ደመወዙን ትቶ ተከተለው። በሽቱትጋርት አጠገብ በካንሽታት ዳይምለር በገዛው ቤት ግቢ ውስጥ የአትክልት ማብቀያ የመስታወት ቤት ነበረ፤ እሱን ሥራ ቤት አደረጉት። ሌሊት ሌሊት ብረት ሲቀጠቀጥ የሰማ አትክልተኛ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠሩ መስሎት ለፖሊስ አመለከተ ይባላል። ፖሊሶች ገብተው ያገኙት ሞተር ብቻ ነበር።

ያ ሞተር ትንሽና ቀላል፥ ከቀድሞዎቹም ይልቅ እጅግ ፈጥኖ የሚዞር ነበር። በ1885 በእንጨት በተሠራ ባለሁለት ጎማ ላይ ተጭኖ ተሞከረ። የዳይምለር ልጅ ጳውል ሲነዳው ከወንበሩ በታች ያለው ሙቀት መቀመጫውን አቃጠለው ይላሉ። የሚያስቅ ነገር ቢመስልም ለማይባክ ግን ትምህርት ነበር፤ ሞተር እየቀለለና እየፈጠነ በሄደ ቁጥር ሙቀቱ በጠባብ ቦታ ይጠራቀማል፥ መውጫም ይፈልጋል።

በዚያን ዘመን ለሙቀቱ የነበረው መድኃኒት አንድ ነበር፤ ብዙ ውሃ መጫን። ካርል ቤንዝ በ1886 ባወጣው ባለ ሦስት ጎማ ውሃው እየፈላ በእንፋሎት ይወጣ ነበር። በ1888 ሚስቱ ቤርታ ቤንዝ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም መቶ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ በዚያ መኪና ስትጓዝ በየመንገዱ ውሃ እየቀዳች ትጨምር ነበር፤ በዳገቱም ልጆቹ ወርደው ይገፉ ነበር። የእንጦጦው ጀሪካን ዘመዱ ሩቅ አይደለም። ማይባክ በ1889 በፓሪስ ኤግዚቢሽን በታየው ባለ ሽቦ ጎማ መኪና ላይ ሌላ ዘዴ ሞከረ። የመኪናው አካል በብረት ቱቦ የተሠራ ስለ ነበረ፥ ውሃው በዚያው ቱቦ ውስጥ እየዞረ እንዲቀዘቅዝ አደረገ። አጥንቱን ደም ሥር አደረገው ማለት ነው። ብልሃቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ፈረስ ተኩል ጉልበት እንጂ ለሠላሳ አምስት አይበቃም።

በ1890 የዳይምለር ኩባንያ በባለ ገንዘቦች አክሲዮን ተቋቋመ። ባለ ገንዘቦቹ ለማይባክ ያቀረቡለት ውል የሚያስከብር ስላልነበረ በተከታዩ ዓመት ጥሎ ወጣ። ዳይምለር በራሱ ገንዘብ እየረዳው ሥራውን በቤቱ፥ ኋላም ካንሽታት በሚገኝ የተዘጋ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቀጠለ። ቤንዚንን በቀጭን አፍንጫ እየረጨ ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር በ1893 የተገኘው በዚያ አዳራሽ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በዓለም ላይ የተሠሩት ካርቡራቶሮች ሁሉ የዚያ ልጆች ናቸው። ኩባንያው ያለ ሁለቱ ሰዎች እየደኸየ ሄደና በ1895 ለመናቸው፤ ማይባክም የቴክኒክ ሹም ሆኖ ተመለሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ1897 ማይባክ ለመኪና የሚሆን አዲስ ዓይነት ራዲያተር አወጣ። ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነው። የውሃውን ጋን ከማሳደግ ይልቅ ጋኑን በብዙ ቀጫጭን ቱቦ ወጋው። በቱቦዎቹ ውስጥ ነፋስ ያልፋል፥ በዙሪያቸው ውሃ ይከባቸዋል፥ ከኋላም ነፋሱን የሚስብ ቬንትሌተር ይሽከረከራል። ሙቀትን የሚያስወጣው የውሃው ብዛት ሳይሆን ውሃና ነፋስ የሚጎራበቱበት ገጽ ስፋት መሆኑን ያየው እሱ ነው። ቡናውን በስኒ የሚጠጣና በቅል የሚጠጣ ሰው ማን ቶሎ እንደሚቀዘቅዝለት ያውቃል።

ይህ ሐሳብ እስኪጎለምስ ግን ሰው ሞተ። መጋቢት 30 ቀን 1900 በፈረንሳይ አገር ከኒስ ወደ ላ ቱርቢ በሚወጣው የዳገት እሽቅድምድም ቪልሄልም ባወር የተባለው የዳይምለር ኩባንያ ነጂ፥ ከባድና ቁመተ ረጅም የሆነውን መኪና ይዞ ከቋጥኝ ጋር ተጋጭቶ ሕይወቱ አለፈ። ከዚያው ወር በስድስተኛው ቀን ጎትሊብ ዳይምለር ራሱ ሞቶ ነበር። በአንድ ወር ማይባክ የሠላሳ አምስት ዓመት ወዳጁን አጣ፥ የሠራውም መኪና ሰው ገደለ። ኩባንያው እሽቅድምድም ይቅር ወደ ማለት አዘነበለ።

እምቢ ያለው ኤሚል ዬሊኔክ የተባለ በኒስ የሚኖር ባለጸጋ ደንበኛ ነው። አጭር፥ ሰፊ፥ ቀላልና ኃይለኛ መኪና ቢሠራለት 36 መኪና እንደሚገዛ ቃል ገባ፤ ስሙም በሴት ልጁ በመርሴዴስ እንዲጠራ ጠየቀ። ማይባክ ያን መኪና በጥቂት ወራት ነደፈ። የመጀመሪያው በታኅሣሥ 22 ቀን 1900 ለዬሊኔክ ተላከ። 35 ፈረስ ጉልበት ነበረው፤ አካሉ ዝቅ ያለ፥ ጎማዎቹ የተራራቁ ነበሩ፤ በፊቱም ላይ ከዚያ በፊት ዓለም ያላየው ነገር ተተክሎ ነበር። ከ8,070 አራት ማዕዘን ቱቦዎች የተሠራ ራዲያተር ነው። የእያንዳንዱ ቱቦ አፍ ስድስት ሚሊ ሜትር በስድስት ሚሊ ሜትር ነው። ከፊት ሲያዩት የማር እንጀራ ስለሚመስል በዚያው ስም ተጠራ። (ንብ ባለ ስድስት ማዕዘን ትሠራለች፤ ማይባክ በአራት ተወስኗል፤ ነገር ግን ስም አውጪዎች እንዲህ ያለውን አይቆጥሩም።) አስቀድሞ 18 ሊትር ውሃ ይሸከም የነበረው መኪና አሁን 9 ሊትር በቃው። ዘጠኝ ሊትር በሠላሳ አምስት ፈረስ ጉልበት!

በመጋቢት 1901 በኒስ ሳምንት መኪናው ሁሉን አሸነፈ። ባወር የሞተበትን የላ ቱርቢን ዳገት ቪልሄልም ቬርነር የተባለው ነጂ በሰዓት በአማካይ 51 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ወጣው። ፈረንሳዮች ማይባክን የንድፍ አውጪዎች ንጉሥ አሉት። ዛሬ የስፖርት መኪና የምንለው ነገር ከዚያ ሳምንት ተወለደ ብንል ብዙዎች አይቃወሙንም።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። አሮጌ የስፖርት መኪናውን በእንጦጦ ዳገት እንዳይፈላ ማሻሻል የሚፈልግ ወጣት በመጀመሪያ የሚያስበው ምንድን ነው? ብዙ ውሃ። ማይባክ ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት የተወውን መድኃኒት ማለት ነው። ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ውሃው የሚያልፍበት መንገድ ነው። ለብዙ ዓመት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጠጣ የኖረ ሞተር ውስጡ በዝገትና በጨው ይደፈናል፤ ራዲያተሩም እንዲሁ። ይህ ሳይታጠብ አዲስ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ቀጥሎ የራዲያተሩ ልብ ነው። ሳጥኑንና መልኩን እንደ ጥንቱ ትቶ፥ ልቡን ብቻ ብዙ ረድፍ ባለው መዳብ ማስለወጥ የመኪናውን ክብር ሳይነካ ገጹን ያሰፋል፤ ማይባክም ይህንኑ ባደረገ ነበር። ቬንትሌተሩ ነፋሱን ከራዲያተሩ እንጂ ከጎን እንዳይስብ ዙሪያውን በቆርቆሮ መከለል ርካሽ ሥራ ነው፤ የሚሰጠው ጥቅም ግን ብዙ ነው። በመገናኛ መጨናነቅ ለሚቆም መኪና በሙቀት የሚነሣ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ይረዳል፤ ሆኖም የድሮው ዲናሞ ለመብራቱም የሚያንስ ስለ ሆነ አስቀድሞ ወደ አልተርኔተር መለወጥ ያስፈልጋል።

የራዲያተሩን ክዳን ነገር ለብቻው እንናገረው፤ ምክንያቱም ለከፍተኛ አገር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በማይባክ ጊዜ ውሃው ለአየር ክፍት ነበር፤ ግፊት የሚይዝ ክዳን ከእሱ በኋላ የመጣ ነው። ግፊት ሲጨምር የሚፈላበት ሙቀት ይጨምራል። በአዲስ አበባ ክዳን የሌለው ውሃ በ92 ሲፈላ፥ ብዙ አሮጌ መኪኖች ያላቸው 0.3 ባር የሚይዝ ክዳን ወደ 101 ያደርሰዋል፤ 0.9 ባር የሚይዘው ግን ወደ 114። እንግዲህ ደካማው ክዳን እዚህ የሚያደርገው በባሕር ጠረፍ ክፍት ራዲያተር ያደርግ የነበረውን ብቻ ነው። ነገር ግን ጠንካራ ክዳን በአሮጌ ራዲያተር ላይ የጫነ ሰው ብየዳው ሲፈነዳ አያማርር፤ መጀመሪያ ራዲያተሩና ላስቲኮቹ ይታደሱ። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልን በሚመለከት እኛ አንስማማም። ሞተሩ ጧት ጧት ሳይሞቅ ይሠራል፥ ቤንዚን ይበላል፥ ቶሎም ያልቃል፤ የተደፈነው ራዲያተር ግን እንደ ተደፈነ ይቀራል። ዝገት የሚከላከለው ባለ ቀለም ፈሳሽ ከውሃ ጋር እኩል ሲቀላቀል የመፍላቱን ልክ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፤ ውርጭ የለብንም ብሎ መናቅ ስሕተት ነው።

ወደ ማይባክ እንመለስ። ሰው ሲከብር ጠላቱ ይበዛል የሚለው ነገር በጀርመንም ይሠራል። ዳይምለር ከሞተ በኋላ የሚሟገትለት አልነበረም። የኩባንያው አለቆች ዝምተኛውን ሰው ቀስ በቀስ ከዋናው የንድፍ ሥራ አውጥተው ለብቻው አንድ ክፍል ሰጡት፤ በቢሮ የሠራ አንባቢ የዚህን ትርጉም ያውቃል። መርሴዴስ በዓለም ሁሉ እየተሸጠ፥ መርሴዴስን የነደፈው ሰው ወረቀት ይጠብቅ ነበር። በ1907 በስልሳ አንድ ዓመቱ ሥራውን ለቀቀ። ያን ጊዜ፥ በ1907 መጨረሻና በ1908 መጀመሪያ ገደማ፥ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በኩል የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ እያመጣ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያን መኪና ሲመለከቱ በፊቱ የተተከለውን ራዲያተር ማን እንዳሰበው የነገራቸው ያለ አይመስለንም።

ማይባክ ግን አልተቀመጠም። በነሐሴ 5 ቀን 1908 ግራፍ ዜፔሊን ታላቁ የአየር መርከብ በኤክተርዲንገን ተቃጠለ። የጀርመን ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ ሌላ እንዲሠራ ሲነሣ፥ ማይባክ ለአየር መርከብ የተሻለ ሞተር እንዲሠራ ለዜፔሊን ጻፈለት። በ1909 ፋብሪካው ተቋቋመ፤ የቴክኒክ መሪው ያ አንባቢ እንዲያስታውሰው ያልነው ልጅ፥ ካርል ማይባክ ሆነ። አባት አማካሪ ሆኖ ከጎኑ ቆመ። በ1916 የሽቱትጋርት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ለሽማግሌው የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ ከማታ ትምህርት በቀር ከፍተኛ ትምህርት ቤት ላልገባ ለአናጢ ልጅ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ለጀርመን የአውሮፕላን ሞተር መሥራትን ስለ ከለከለ፥ ካርል ከ1921 ጀምሮ ማይባክ የሚል ስም ያላቸውን ታላላቅ መኪኖች ሠራ። አባቱ ለሌሎች ስም ሲሠራ የኖረበትን ነገር ልጁ በገዛ ስማቸው አወጣው።

ዊልሄልም ማይባክ ታኅሣሥ 29 ቀን 1929 በሽቱትጋርት በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ። የተቀበረውም በካንሽታት ኡፍ ኪርሽሆፍ በተባለው መካነ መቃብር፥ ከጎትሊብ ዳይምለር መቃብር አጠገብ ነው።